ቀለበት ጠፍቶባችኋል? ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የጎረቤታችን የእትዬ የጋብቻ ቀለበት ጠፋ። የምንኖረው ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ቀለበቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከጣታቸው ወጥቶ አያውቅም፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ እንደ ማተባቸው ነው የሚያዩት። ልጆቻቸው ሁለት ቀን ሙሉ ግቢውን በዶማ ገለበጡት። አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን ብረት መፈለጊያ መሣሪያ እንዳለኝ ሰው ነገራቸውና ተጠራሁ። ቀለበቱ ተገኝቷል፤ የት እንደተገኘ ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ግማሹ የጠፋ ጌጥ ሊያስፈልግ ነው የሚመጣው። ግማሹ ግን «ጣሊያን ቀብሮት የሄደ ወርቅ አለ አሉ፣ ማሽንህን ይዘህ ና» ይላል። ለዚህኛው መልሴ አንድ ነው፤ አልሄድም። በአገራችን ይህ መሣሪያ ልዩ ፈቃድ ለሌለው ሰው በንጹሕ ኅሊናም በሕግም የሚያስኬደው ለአንድ ሥራ ነው፤ በቅርብ የጠፋን፣ ባለቤቱ የሚታወቅን ጌጥ ፈልጎ ለባለቤቱ ለመመለስ። ከታች ያለው ሁሉ ለዚያ ነው የተጻፈው።

መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ

ማሽኑን ከማብራታችሁ በፊት የጠፋበትን ሰው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አነጋግሩ። ቡና ከተፈላ ደግሞ የተሻለ ነው፣ ሰው ሲረጋጋ ያስታውሳል። የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ጠፋ?» አይደለም። «ለመጨረሻ ጊዜ ጣትዎ ላይ በእርግጠኝነት ያዩት መቼ ነው?» ነው። ሰው በዚህ ጥያቄ ይሳሳታል፣ ስለዚህ የቤተሰቡን ስልክ አስከፍቱ። ክርስትና፣ ማኅበር፣ ልደት፣ የሆነ ፎቶ አይጠፋም። እጁ ላይ ቀለበቱ የሚታይበት የመጨረሻው ፎቶ ሰዓቱን ይነግራችኋል። ከዚያ ሰዓት ወዲህ የተሠራውን ሥራ በሙሉ በተራ አስቆጥሩ።

ቀለበት በብዛት የሚወልቀው እጅ ሲረጥብና ሲቀዘቅዝ ነው። ሳሙና ደግሞ ያንሸራትተዋል። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ስለ ውኃ እጠይቃለሁ። ልብስ የት ታጠበ? የታጠበበት ውኃ የት ተደፋ? እንግዳ መጥቶ እጅ ከታጠበ፣ የማስታጠቢያው እጣቢ የት ተደፋ? ብዙ ሰው ቀለበቱ የወደቀበትን ቦታ ሲፈልግ ቀለበቱ ከእጣቢው ጋር ተደፍቶ አሥር ሜትር ርቆ ተቀምጧል። የቤት ጥራጊ የሚጣልበትን ቦታም እንዲሁ ጠይቁ። ጎመን የተኮተኮተ ከሆነ የትኛው መደብ ላይ እንደሆነ ያሳዩአችሁ። ኩበት የሚጠፈጥፉ ከሆነ ደግሞ ኩበቱን አትርሱ፤ አንድ ጊዜ ትንሽ የወርቅ ጉትቻ ደርቆ ከተከመረ ኩበት ውስጥ አውጥቼ አውቃለሁ፣ እያንዳንዱን ኩበት በማሽኑ ፊት ማሳለፍ ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

ከዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ጨርሱ። የሊጥ ዕቃ፣ የጓንት ውስጥ፣ የሶፋ ስፌት፣ የጋቢና የነጠላ ጥለት። ይህ ሳይታይ ግቢ መቆፈር ድካም ነው።

በመጨረሻ ስለ ጌጡ ራሱ። ስፋቱ ምን ያህል ነው? ድንጋይ አለው? ተሰብሮ ያውቃል? ውስጡ ላይ ምን ተቀርጿል? ይህን የመጨረሻውን ለብቻቸው ንገሩኝ በሏቸው፣ ከጎረቤት ፊት አይናገሩት። ለምን እንደሆነ ስለ ማስረከብ ስናወራ ታዩታላችሁ።

ፈቃድ፣ በወረቀት

ይህን ክፍል የምትዘሉት ከሆነ ቀሪውን አታንብቡት። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እኛ ባለይዞታ ነን። ስለዚህ ፈቃድ የምትጠይቁት ባለይዞታውን ነው፣ ተከራይ ብቻውን አይበቃም። እርሻ ላይ ከሆነ ደግሞ መሬቱ በእኩል የሚታረስ ሊሆን ስለሚችል ባለይዞታውንም የሚያርሰውንም ሁለቱንም ጠይቁ። እህል ላይ አትግቡ። ጤፍ በደረሰበት ማሳ ላይ ለአንድ ቀለበት መመላለስ የሰው ጉሮሮ መርገጥ ነው። እስኪታጨድ ጠብቁ፣ ወርቅ አይዝግም፣ አይበሰብስም፣ ይጠብቃችኋል።

ወረቀቱ ረጅም መሆን የለበትም። ማን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚፈለግ፣ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ቦታ፣ በየትኛው ቀን፣ የተቆፈረው እንደሚደፈን፣ የተገኘው ለማን እንደሚሰጥ። ባለይዞታው ይፈርም፣ ባለንብረቱ ይፈርም፣ ሁለት ምስክር ይኑር። ቅጂውን ለቀበሌው አሳውቁ፣ ማኅተም ካገኘ ደግሞ እሰየው። ከአዲስ አበባ ጥቂት ወጣ ስትሉ አስተዳደሩ ኦሮሚያ ነው፤ ለገጣፎም ቡራዩም ሰበታም አሁን ሸገር ከተማ ናቸው። አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ከሆነ የሚችል የሰፈሩን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ በመጀመሪያ ሽማግሌ ሰላም ብላችሁ ጀምሩ። ኢርፎን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ረጅም ዘንግ ይዞ መሬት እያሰሰ የሚሄድ የማይታወቅ ሰው ማንንም ያስደነግጣል። ሚሊሻም ቢይዛችሁ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ባለንብረቱ አብሮ ይኑር፣ ሥራው በቀን ብርሃን ይሁን። በማታ በፍጹም።

ፈቃድ ቢሰጣችሁም የማትሄዱባቸው ቦታዎች አሉ። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ግቢ፣ መቃብር፣ የጦር ካምፕ አካባቢ፣ የለገዳዲ ግድብ ክልል። ታሪካዊ ቦታ ደግሞ ከሁሉ በላይ። እንጦጦ ላይ ምኒልክ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር የኖሩበት ግቢ አለ። የካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ። በደቡብ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስትወጡ መልካ ቁንጥሬ ነው፣ በ2016 ዓ.ም. ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው። እነዚህ ቦታዎች ላይ ማሽን ማብራት ቀርቶ ይዞ መታየትም ልክ አይደለም።

መሣሪያው

ሥራውን ባጭሩ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ሥራውን ያላወቀ ሰው በሻጭ ይታለላል። ከታች ያለው ክብ ሳህን፣ ኮይል የሚሉት፣ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል። መሬት ውስጥ ብረት ነክ ነገር ካለ በውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይዞራል፣ ያ ጅረት የራሱን መስክ መልሶ ይልካል፣ ማሽኑ ልዩነቱን ሰምቶ ይጮኻል። ይኸው ነው። ወርቅን ለይቶ የሚያውቅ ማሽን የለም። የሚያውቀው የዕቃው መጠንና ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ «መቶ ሜትር ርቆ ወርቅ ይጠቁማል» እየተባለ የሚሸጠው አንቴና ያለው መጠቆሚያ ዘንግ አይሠራም። ማታለያ ነው። ቤተሰብ ያጠራቀመውን ብር ከፍሎ ሲገዛ አይቻለሁና በጣም ነው የሚያናድደኝ። እውነተኛ ማሽን ቀለበት የሚያገኘው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ቀለበት ዙሪያው የተዘጋ ክብ ስለሆነ ጅረቱ በደንብ ይዞርበታል፣ በቀላሉ ይሰማል። ቀጭን የአንገት ሀብል ግን እያንዳንዱ ማያያዣ ለብቻው ትንሽ ስለሆነ ማሽኑ ላይሰማው ይችላል። ሀብል ጠፍቶ ከሆነ የምትፈልጉት ሀብሉን ሳይሆን የተንጠለጠለበትን መስቀል ወይም መቆለፊያውን ነው።

ማሽኖች በፍሪኩዌንሲ (መስኩ በሰከንድ በሚለዋወጥበት ብዛት) ይለያያሉ። ዝቅተኛው፣ እንደ ጋሬት ኤስ 250 ያለው በ6.5 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራው፣ ለብርና ለትልልቅ ዕቃ ጥሩ ነው። ለትንሽ ወርቅ ከፍ ያለው ይሻላል። ኖክታ ሲምፕሌክስ 12 ኪሎ ኸርዝ ነው፣ ለመካከለኛ ሥራ ይበቃል። ማይንላብ ኢኩዊኖክስ ብዙ ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ ይጠቀማል፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ለጀማሪ ውድ ማሽን አያስፈልግም። ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጉምሩክ ሄዳችሁ ለዕቃው ምን ፈቃድ እንደሚጠየቅ አጣሩ፤ «ዘመድ በሻንጣ ያመጣልኛል» ብላችሁ ዘመዳችሁን ኤርፖርት ላይ አታስጨንቁ።

ከማሽኑ ሌላ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ፒንፖይንተር (ጉድጓድ ውስጥ ቦታውን ለይቶ የሚያሳይ)፣ መኮትኮቻ፣ ወፍራም ጓንት፣ ወንፊት፣ ባዶ ማዳበሪያ፣ ሲባጎና ችካል። አንድ ተጨማሪ ነገር ደግሞ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ነው። ወርቅና ብር ማግኔት አይስባቸውም። ስለዚህ ማግኔቱን በገመድ አስራችሁ ቦታውን አስቀድማችሁ ብትጎትቱበት ሚስማሩን፣ የሽቦ ቁራጩንና ቆርኪውን ይለቅምላችኋል፣ ጌጡን ግን አይነካውም። ማሽን የሌለው ሰውም በማግኔትና በወንፊት ብቻ ብዙ ርቀት ይሄዳል።

ከመሄዳችሁ በፊት ሞክሩት

የጋብቻ ቀለበት ጥንድ ነው። የባል ወይም የሚስት ቀለበት ካለ እሱን ተዋሱ። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወርቅ ቤት፣ በአንድ ካራት የተሠራ ስለሆነ ድምፁ ከጠፋው ጋር ይቀራረባል። 18 ካራት 75 በመቶ ወርቅ ነው፣ 21 ካራት ደግሞ 87.5 በመቶ፣ ቀሪው መዳብ ወይም ብር ነው፣ ይህ ልዩነት ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ቁጥር ይቀይረዋል። ቀለበቱን በክር አስራችሁ (ክሩ ቀለበቱ እንዳይጠፋ ነው) እዚያው ግቢ ውስጥ በ5፣ በ10 እና በ15 ሴንቲ ሜትር እየቀበራችሁ ማሽኑን አሳልፉበት። ቁጥሩን ጻፉ። ድምፁን ጆሯችሁ ይልመደው። ከጎኑ አንድ ቆርኪ ቅበሩና ልዩነቱን ስሙ።

እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት አለ። ማሽኑ ቆሻሻ የሚዘልበት ማጣሪያ አለው። ሰው የሲጋራ ፎይልና የጣሳ መክፈቻ እንዳይረብሸው ማጣሪያውን ያበራዋል። ችግሩ ወርቅ ቀለበት የሚያወጣው ቁጥር ከፎይልና ከጣሳ መክፈቻ ጋር በአንድ ሰፈር ነው። እነሱን የዘለለ ማሽን ቀለበቱንም ይዘላል። ስለዚህ ወርቅ ስትፈልጉ ቢበዛ የሚስማሩን ክልል ብቻ ዝጉ፣ ሌላውን ሁሉ ክፍት አድርጉና ቆፍሩ። ቆሻሻ ትቆፍራላችሁ። ሥራው ያ ነው።

ከዚያ ማሽኑን ከመሬቱ ጋር አስማሙት። በየማሽኑ ላይ ለዚህ የተሠራ ማስተካከያ አለ። አዲስ አበባ ዙሪያ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ አገር ነው፣ በተለይ ቀይ አፈሩ ውስጥ የብረት ማዕድን ይበዛል፣ ካላስማማችሁት ማሽኑ ባዶ መሬት ላይ ይጮኻል። ስልካችሁን አርቁ። ከከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሥርም ማሽኑ ይረበሻል። የራሳችሁን ቀለበት፣ ሰዓትና የብረት ዘለበት ያለው ቀበቶ አውልቁ፣ አፍንጫው ብረት የሆነ የሥራ ጫማ አታድርጉ።

ፍለጋው

ቦታውን በሲባጎና በችካል ስፋቱ አንድ ሜትር በሆነ መስመር ከፋፍሉት። በግምት መዞር አይሠራም፣ ሁልጊዜ ዓይን ያረፈበትን እየደገማችሁ ሌላውን ትዘላላችሁ። ሳህኑ ከመሬት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ይሂድ። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ወደ ላይ አታንሱት። ሳህኑ የሚያየው አካባቢ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ እያንዳንዱ ጉዞ ያለፈውን ግማሽ መደራረብ አለበት። ቀስ በሉ። አንድ ትንሽ ግቢ በዚህ አኳኋን ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ከጨረሳችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።

የቆርቆሮ አጥር ባለበት ግቢ ከአጥሩ አንድ ሜትር ያህል ቅርበት ማሽኑ ያብዳል። ሲሚንቶ ወለል ውስጥ ያለ ፌሮም እንደዚያው። እዚያ አካባቢ ትንሹን ሳህን ግጠሙ ወይም ማሽኑን ትታችሁ አፈሩን በወንፊት አበጥሩ። ቆርኪ ደግሞ ያታልላል። ቆርቆሮ ሆኖ ሳለ እንደ ጥሩ ነገር ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣል። እኔ የምለየው ሳህኑን በጫፉ እያሳለፍኩ ነው፤ ቀለበት ከየትኛውም አቅጣጫ ጥርት ያለ፣ አጭር ድምፅ አለው፣ ቆርኪ ግን ድምፁ ሰፊ ነው፣ በጫፍ ሲነካ ይቆራረጣል። ሁሌ አይሠራም፣ ብዙ ጊዜ ግን ይሠራል።

አሁን ወደ እትዬ ቀለበት። ልጆቻቸው የቆፈሩት ልብስ የሚያጥቡበትን ቦታ ነበር። እኔ ስጠይቃቸው በዚያ ቀን እንግዳ መጥቶ እጅ አስታጥበው እጣቢውን ከበሩ ጀርባ እንደደፉ አስታወሱ። ከበሩ ጀርባ ያለው መሬት መረሬ ነው። ሰንዳፋን፣ ዱከምን፣ አቃቂን የሚያውቅ ሰው መረሬን ያውቀዋል፤ በክረምት ይጣበቃል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቀለበቱ ከእጣቢው ጋር ወርዶ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ነበር። ላይ ላይ ምንም ምልክት የለም። ማሽኑ የሰማው በጣም በደከመ ድምፅ ነው፣ ሦስት ጊዜ ነው ያሳለፍኩት። ስንጥቁን አስፍተን በአንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት አገኘነው፣ እትዬም መሬቱ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ስለዚህ በበጋ መረሬ ላይ ከሆናችሁ ስንጥቁን እንደ ጉድጓድ ቁጠሩት። ፒንፖይንተሩን ወደ ውስጥ አስገቡ። ዝናብ ከመጣና ስንጥቁ ከተዘጋ ዕቃው እዚያው ተውጦ ይቀራል፣ እና ከበልግ ዝናብ በፊት ቸኩሉ። ቀይ አፈር ላይ ግን አትቸኩሉ፣ ትንሽ ካፊያ ካረጠበው በኋላ ቁፋሮውም ቀላል ነው፣ ድምፁም ይሻላል።

ቁፋሮው

ድምፁ ላይ ዶማ አታሳርፉ። ስንት ቀለበት በዶማ ተቆርጧል። ሣር ከሆነ በሦስት በኩል በክብ ቆርጣችሁ እንደ ክዳን ግለጡት፣ አፈሩን ማዳበሪያው ላይ አድርጉ፣ ጉድጓዱን በፒንፖይንተር ፈትሹ፣ ከሌለ አፈሩን ፈትሹ። ስትጨርሱ አፈሩን መልሳችሁ ክዳኑን ግጠሙና በእግር ጫን በሉት። የቆፈራችሁት ሚስማርና ቆርኪ ሁሉ ከእናንተ ጋር ይሂድ። ባለይዞታው በማግሥቱ ሲያይ የት እንደተቆፈረ ማወቅ የለበትም። የውኃ ቱቦና የመብራት ኬብል የት እንዳለፈ ቀድማችሁ ጠይቁ። ጓንት አታውልቁ፣ የዛገ ብረት ቆርጧችሁ ከሆነ ለመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ቀለበቱ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ግን ማንም ሰው እንዳይወርድ። እዚያ ውስጥ ያለው ጋዝ በጥቂት ትንፋሽ ሰው ይጥላል፣ ሊያወጣው የወረደውን ሁለተኛውንም ይጥላል። ማንኛውም ወርቅ ለዚህ አይበቃም።

ጥይትና ቦምብ

አካባቢያችን ጦርነት አይቷል። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የተካሄደው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ነበር። ከዚያም ወዲህ ሌላ አለ። ባዶ ቀለህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ከቀለህ የበለጠ ነገር፣ ያልተተኮሰ ጥይት ቢሆን፣ የቦምብ ቅርጽ ያለው ዛገ ብረት ቢሆን፣ አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት፣ ለፎቶ ብላችሁ አፈሩን አትጥረጉለት። ማሽኑን አጥፉ፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ከሩቅ ምልክት አድርጉ፣ ልጆችና ከብት እንዳይቀርቡ ሰው አቁሙና ለቅርብ ፖሊስ ጣቢያ ንገሩ። የዚያ ቀን ፍለጋ እዚያ ላይ አበቃ።

አሮጌ ነገር ከወጣ

የጠፋ ቀለበት ስትፈልጉ ያልጠበቃችሁት ነገር ሊወጣ ይችላል። 1780 የሚል ዓመት ያለበት የማርትሬዛ ብር፣ የጥንት መስቀል፣ አልቦ፣ ድሪ፣ የሸክላ ስባሪ ከመዳብ ጋር። እዚህ ላይ ቁሙ።

ይህን የሚገዛው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ቅርስ ፈልጎ ማውጣት ያለ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ የተከለከለ ነው። ባለሥልጣኑ አሁን የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይባላል። ሳይፈልጉ በአጋጣሚ ላገኙት ደግሞ አንቀጽ 41 አለ። በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅና እስኪረከቡት እንዳለ መጠበቅ አለበት። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ ያገኘው ሰው ለክልሉ በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነቱ ነፃ ይሆናል። ለአስረካቢው ተገቢው ሽልማት እንደሚሰጥና ያወጣው ወጪ እንደሚተካም አዋጁ ይናገራል። እኔ ይህ አንቀጽ በየቀበሌው ተለጥፎ ቢታይ ደስ ይለኛል፤ ሰው አሮጌ ነገር ሲያገኝ የሚደብቀው ነጥቀው ያስሩኛል ብሎ ስለሚፈራ ነው።

በተግባር ግን እንዲህ አድርጉ። ዕቃውን ከአፈሩ አታውጡት። ከወጣም አታጥቡት፣ አትፈግፍጉት፣ ለወርቅ ቤት አትውሰዱት። ባለሙያ የሚያነበው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበትን አፈርና አጠገቡ ያለውን ጭምር ነው፣ አንዴ ከተነቀለ ያ መረጃ አይመለስም። ቦታውን ከሩቅና ከቅርብ ፎቶ አንሱ፣ ባለይዞታውን አሳዩ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁና የተቀበለውን ሰው ስምና ቀን በወረቀት ያዙ።

ብዙዎቻችን ይህን ሥራ የምናየው በዩቲዩብ ነው፣ ቪዲዮዎቹ ደግሞ በብዛት የእንግሊዝ ናቸው። እዚያ የ1996 እ.ኤ.አ. የሀብት ሕግ አላቸው፤ ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ያስታውቃል፣ አሮጌ ነገር መፈለግ በራሱ ግን በባለመሬቱ ፈቃድ ይቻላል። የኛ ሕግ እንደዚያ አይደለም። የእነሱን አይታችሁ የኛን ሜዳ አትቆፍሩ። የተፈጥሮ ወርቅ ፍለጋም ሌላ ሕግ ነው፣ የማዕድን ፈቃድ ይጠይቃል፣ የአዲስ አበባ ዙሪያ ድንጋይም የወርቅ አገር አይደለም።

ባለቤቱ ያልታወቀ ጌጥ

የእትዬን ቀለበት ስትፈልጉ የሌላ ሰው ሎቲ ብታገኙስ? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 1154 ጀምሮ ይህን ይመልሳል። ያገኘ ሰው ማስታወቅ፣ ዕቃውን መጠበቅና ባለቤቱ እንዲያውቅ የሚችለውን ማድረግ አለበት። ግዴታውን ከተወጣ ከባለቤቱ ወሮታ መጠየቅ ይችላል፣ ካልተስማሙ ፍርድ ቤት ሁኔታውን አይቶ ይወስናል። ዝም ብሎ ኪስ ማስገባት ግን በወንጀልም ያስጠይቃል። እኔ መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ አስመዘግባለሁ። ከዚያ ለዕድሩ ዳኛ እናገራለሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ከጁምዓ በኋላ እንዲነገር አደርጋለሁ። ፎቶ ግን አላሳይም። «የወርቅ ጌጥ ተገኝቷል፣ የጠፋበት ምልክቱን ይናገር» ብቻ ነው የምለው። ፎቶ ካሳያችሁ በማግሥቱ አምስት ባለቤት ይመጣል።

ማስረከብ

ዋጋ የሚነገረው ከፍለጋው በፊት ነው። የትራንስፖርትና የቀን ድካም ከሆነ ያን ቁጥር ተናገሩ፣ ቢገኝም ባይገኝም። የቀለበቱን ዋጋ በመቶኛ መጠየቅ እኔ አልወድም፤ ሰው በተጨነቀበት ሰዓት እሺ ያለውን ሲረጋጋ ይቆጨዋል፣ ጎረቤትነትም ያበላሻል።

ቀለበቱ ሲገኝ በእጃችሁ አታሹት፣ ጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ ወርቁን ይጭረዋል። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ጭቃው ራሱ ይለቃል። ውኃውን ስትደፉ በወንፊት ይሁን። ከዚያ ውስጡን አንብቡ። በብዙዎቹ የጋብቻ ቀለበቶች ላይ ስምና የሠርጉ ቀን ተቀርጿል። ባለቤቱ መጀመሪያ ለብቻው ከነገራችሁ ጋር ከተስማማ፣ በሁለቱ ምስክሮች ፊት አስረክባችሁ በዚያው የፈቃድ ወረቀት ላይ «ተረክቤያለሁ» አስፈርሙ። ቅጂው አንድ ለእናንተ፣ አንድ ለባለይዞታው። እትዬ የፈረሙት ወረቀት አሁንም ማሽኑ ቦርሳ ውስጥ ነው ያለው። ቀለበቱ ስለሰፋቸው ወርቅ ቤት ሄደው አስጠብበውታል።